ወደ ስቫልባርድ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቪዛውን እዩ

ወገኖቼ፣ በተለይ ከአገር ቤት ወላጅ አስመጥታችሁ ሰሜኑን ላሳያቸው የምትሉ፣ ይህን ሳታነቡ ገንዘብ እንዳትከፍሉ።

እናቴ ጀርመን ልትጠይቀኝ መጣች። ዕድሜዋን በግብርና ሥራ ያሳለፈች ሴት ናት። ወደ ሰሜን ዋልታ በተጠጉት የስቫልባርድ ደሴቶች ያለውን የዓለም የሰብል ዘር ማከማቻ ማየት ትመኝ ነበር። ጉዞውን የሸጠልኝን ሰው ስለ ቪዛ ጠየቅኩት። «እህቴ፣ አታስቢ። የኖርዌይ ግዛት ነው፤ ለመግባት ቪዛ የሚባል ነገር የለም» አለኝ።

የነገረኝ ግማሹን ነው። ስቫልባርድ የኖርዌይ ብትሆንም ከሼንገን ውጭ ናት፤ ሼንገን ማለት በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ክልል ነው። እውነት ነው፣ እሷ ቪዛ አትጠይቅም። ነገር ግን ከኖርዌይ ከተሞች ከኦስሎ ወይም ከትሮምሶ ተነስታችሁ የስቫልባርድ ከተማ ሎንግየርብየን ስታርፉ ከሼንገን ወጥታችኋል። ስትመለሱ እንደ አዲስ ነው የምትገቡት።

ኦስሎ ላይ ፖሊሷ የእናቴን ፓስፖርት ገልጣ፣ ቪዛው ላይ ጣቷን አሳርፋ አሳየችኝ። የመግቢያ ብዛት፦ «01»። «ከወጣች መመለስ አትችልም» አለችኝ። እናቴ ነጠላዋን እየሳበች «ምን አለች?» ትለኛለች። ምን ልበላት? አንጀቴ ተቃጠለ።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። ሰነድ ማሟላት የተጓዡ ኃላፊነት ነው፣ ገንዘቡም አይመለስም አለኝ። የሁለት ሰው ቲኬትና ሆቴል በዚያው ቀረ።

በኋላ ሳጣራ ደግሞ ባሰ። «ውስጡን ትጎበኛላችሁ» ያለን የዘር ማከማቻ ለጎብኚ ክፍት አይደለም። ከአውሮፕላን ማረፊያው በላይ ተራራው ውስጥ ነው ያለው፤ ሰው የሚያየው በሩን ብቻ ነው። ለበር ነበር ያን ሁሉ የከፈልኩት!

ስለዚህ ቪዛው ላይ «02» ወይም ብዙ ጊዜ መግባት የሚፈቅደው ምልክት ከሌለ አትግዙ። የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁም ፓስፖርታችሁን አትርሱ፣ መታወቂያ ብቻውን አይበቃም።

ረከሰ ብላችሁም ሁለት የተለያየ ቲኬት አታያይዙ። የስቫልባርድ አውሮፕላን ማረፊያ 78ኛው ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው። ጉምና በረዶ በረራውን ሲያዘገየው ሁለተኛው አየር መንገድ አይጠብቃችሁም። ከዚያች ከተማ ወደ ሌላ መንደር የሚያወጣ የመኪና መንገድ እንኳ የለም። በረራው ከተሰረዘ ቁጭ ብሎ የሚቀጥለውን መጠበቅ ነው፣ የሆቴሉም ሂሳብ ይቆጥራል።

ሻጩ የሚላችሁን ሁሉ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ አስልኩት። እኔ በስልክ ብቻ ነበር የተስማማሁት፤ ልከራከር ስል በእጄ ምንም አልነበረም።