አሮጌዋ ላንድክሩዘር 60 ላይ የላንድክሩዘር 80 የኋላ ዲፍረንሻል ካስገጠምኩ 9 ወር ሆነኝ

ህዳር ላይ ነው ያስገጠምኩት፣ አሁን ነሐሴ ነው፣ በጋውንም ጭቃውንም አይታለች ማለት ነው። መኪናዋ ላንድክሩዘር 60 ናት፣ ሞተሯ 2ኤች ናፍጣ፣ የኋላ ፍሬኗ ታምቡር (ሸራው ከበሮ ውስጥ ሆኖ የሚይዝ)። የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ ወተትና ፋጉሎ ጭኜ ነው የምመላለሰው፣ ጋራውን አልፌ ወደ አዲሱ ገበያ ስወርድ ፍሬኑ ይግልና ፔዳሉ ላይ ብትቆምበት እንኳ አትይዝም ነበር፣ አንድ ቀን ከፊቴ የነበረው አይሱዙ ድንገት ሲቆም በማርሽ ነው የተረፍኩት፣ ከዛ በኋላ ነው የወሰንኩት።

ሶማሌ ተራ ሄጄ የ80 ሙሉ የኋላ አክስል (ከነዲፍረንሻሉ) ባለ ዲስክ አገኘሁ። ዋጋ አልጠቅስም፣ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ከመክፈሌ በፊት ግን አስከፍቼ የዲፍረንሻሉን ጥርስ ቆጠርኩ፣ የኔ 37 በ9 ነው፣ ሲካፈል 4.11 ይመጣል፣ ያኛው 41 በ10፣ 4.10። ይሄን ሳይቆጥር የሚገዛ ሰው አለ! የፊትና የኋላው ካልተቀራረበ ፎርዊል ስታስገባ እርስ በርስ ይታገላሉ፣ የሆነ ነገር እስኪሰበር ድረስ።

የ80 የኋላ በሞላ (ጥቅልል ስፕሪንግ) ነው የሚቀመጠው፣ የኔ በባሌስትራ (ተደራራቢ ብረት)፣ ስለዚህ የሞላ መያዣዎቹ ተቆርጠው የባሌስትራ መቀመጫ ይበየዳል። እዚህ ላይ ነው የተበላሁት። የመጀመሪያው በያጅ መኪናዋን ክሪክ ላይ አንጠልጥሎ፣ አክስሉ ተንዘልዝሎ እያለ በየደው። ስነዳት 60 ኪሎ ሜትር ላይ ስትደርስ ወለሉ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ በሁለት ወር ውስጥ ክሮቼራ (የትራስሚሽን ዘንጉ መታጠፊያ) በላች። ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት፣ ሽማግሌው ስር ገብተው አዩና "ልጄ፣ መኪና በእግሩ ሳይቆም አንግል አይለካም" አሉኝ። "ጋሼ፣ አሁን ምን ይሻላል?" ብል መቁረጫውን አስነሱ። ክብደቷን ባሌስትራው ላይ አስቀምጠው፣ የፒኞኑ (ዘንጉ ዲፍረንሻሉ ውስጥ የሚገባበት) አንግል ከካምቢዮው መውጫ ጋር ትይዩ እስኪሆን ለክተው፣ በነጥብ ብቻ አስይዘው፣ እንደገና ለክተው ነው የበየዱት። መንቀጥቀጡ የዛኑ ቀን ጠፋ።

ፍሬኑስ? መጀመሪያ ላይ ዲስኩ ሳልነካው ይግል ነበር፣ የታምቡሩ ማስተር (ፔዳሉ የሚገፋው የፍሬን ፓምፕ) መስመሩ ውስጥ ግፊት ያስቀራል፣ ለታምቡር ሸራ ጥሩ ነው ለዲስክ ግን ሁሌ እንደተያዘ ነው። የ80 ማስተር ሲገባ ተስተካከለ። አሁን ሙሉ ጭነት ይዤ ስወርድ ፔዳሉ ከጋራው አናት እስከታች ያው ነው፣ ውሃ ውስጥ ገብቼ ስወጣ እንኳ ቶሎ ይይዛል።

ለኔ ግን ከፍሬኑ ይልቅ ፉል ፍሎቲንግ መሆኑ ነው የተሻለው። በድሮው ጎማውንም ክብደቱንም የሚይዘው ሸሚያሱ (ከዲፍረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ) ነበር፣ በዚህኛው ክብደቱን ሃቡ (ጎማው የሚታሰርበት) እና ኩሽኔታዎቹ ይሸከሙታል፣ ሸሚያሱ ማዞር ብቻ ነው ስራው፣ ቢሰበር እንኳ ጎማው ጥሎህ አይሄድም። ግን የሸሚያሱ ጫፍ ላይ ያሉትን 6 ዳዶዎች ተከታተሉ! ሶስተኛው ወር ላይ በቀኙ ጎማ ቅባት ሲተፋ አየሁ፣ ሁለቱ ላልተው ነበር። አሁን በየወሩ አያቸዋለሁ።

የማይመቸኝም አለ። የድሮው 15 ኢንች ቸርኬ ካሊፐሩን (ዲስኩን የሚቆነጥጠውን) ይነካል፣ ሁሉንም 16 አደረግኩ ከነትርፉ ጎማ፣ ይሄን ወጪ አላሰብኩትም ነበር። ሌላው የኋላው ከፊቱ ሰፋ ይላል፣ ጎማው ከፓራፋንጎ ወጥቶ ጎኗን በጭቃ ይለቀልቃታል፣ በክረምት ደግሞ ጥቁር አፈር ላይ የኋላው የፊቱን ዱካ አይከተልም፣ የራሱን ቦይ ይቆፍራል፣ ሞተሩ ይደክማል። ቶዮታ ራሱ በፈረንጆቹ 2007 ቪ8 ናፍጣ ላንድክሩዘር 70ዎቹ ላይ ሲያስገባ የፊቱን ብቻ አስፍቶ የኋላውን እንዳለ ትቶታል፣ የኔ የሱ ግልባጭ ሆነች። ፊት ላይ ስፔሰር (ጎማውን ወደ ውጭ የሚገፋ ብረት) አድርግ ያሉኝ አሉ፣ እሱ ኩሽኔታ ላይ ጫና ስለሚጨምር የፊት ኩሽኔታዬን አልጠላሁትም አልኳቸው።

ፍሬን ብቻ ከሆነ ችግራችሁ መጀመሪያ ታምቡሩን ቶርኖ ቤት አስልሱ፣ ጥሩ ሸራ አስገቡና ሞክሩት፣ እኔ ይሄን ሳላደርግ ነው የዘለልኩት። እንደኔ በየቀኑ የምትጭኑ ከሆነ ግን ይሻላል ባይ ነኝ።

የእጅ ፍሬኑ እስካሁን አልተስተካከለም፣ የ80ው ዲስኩ ውስጥ ባለ ትንሽ ታምቡር ነው የሚሰራው፣ የኔ ገመድ አልደረሰ ብሎ አስቀጥለነው ጉልበት የለውም። ሌላ ገመድ እስክሰራ ዳገት ላይ ሳቆም ማርሽ አስገብቼ ድንጋይ አደርጋለሁ፣ ድንጋዩ ከወተቱ ጋር አብሮ ነው የሚጫነው።