ጥቀርሻው ጠፋ፣ ሚቴኑ ቀረ፦ በፈሳሽ ጋዝ የሚሄዱ ክሩዝ መርከቦች

እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ የጀመረችው አይዳኖቫ ሙሉ በሙሉ በፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ መሄድ የምትችል የመጀመሪያዋ ክሩዝ (የመዝናኛ ጉዞ) መርከብ ናት። ለሚተነፈሰው አየር ለውጡ የሚያስመሰግን ነው፤ ሰልፈርና ጥቀርሻ ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ችግሩ ያለው ሞተሩ ውስጥ ነው። በዝቅተኛ ግፊት የሚሠሩት ባለ አራት ምት ሞተሮች ጋዙን አስቀድመው ከአየር ጋር ይቀላቅላሉ። በፒስተኑና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት የገባው ጋዝ እሳቱ ሳይደርስበት በጭስ ማውጫው ይወጣል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ይህን ብክነት 3.1 በመቶ ብሎ ይይዘዋል። የጋዙ ዋና ክፍል የሆነው ሚቴን ደግሞ በ20 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 ጊዜ በላይ ያሞቃል፤ የተገኘው ትርፍ በዚያው ይበላል። ሞተሩ በትንሽ ጭነት ሲሠራ፣ ለምሳሌ ወደብ ላይ ቆሞ መብራት ብቻ ሲያመነጭ፣ ይብሳል።

ስለዚህ፣ ጉዞ የሚመርጥ ሰው ከነዳጁ ይልቅ መርከቧ ሞተሯን አጥፍታ ከወደቦቹ ኤሌክትሪክ መውሰድ ትችል እንደሆነ ቢጠይቅ ይሻላል። መርከቧ የምትቀበለው 6.6 ወይም 11 ኪሎቮልት ነው። አብዛኞቹ መርከቦች በ60 ሄርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ በሚመላለስ ኤሌክትሪክ) ስለሚሠሩ፣ የ50 ሄርዝ መስመር ያለው ወደብ የድግግሞሽ መቀየሪያ ካልተከለ ገመዱ ተዘርግቶም አይጠቅምም።