«የፍሪጁ ጋዝ አልቋል» ከተባላችሁ ብር ከመክፈላችሁ በፊት

ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ ያላችሁ፣ ይህ የሚያጋጥመው ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ውርጩ ሲጠና ነው። ላይኛው ፍሪዘር በረዶው ይቀልጣል፣ ሥጋው ይላላል፤ ታችኛው ክፍል ግን ደህና ቀዝቅዟል። ጠጋኙ ይመጣል፣ ጀርባውን ዳሰስ ያደርጋል፣ «ጋዝ ይሞላ» ይላል። ብዙ ጊዜ ጋዙ ምንም አልሆነም።

ብዙዎቹ ባለ ሁለት በር ፍሪጆች ቴርሞስታታቸው (ቅዝቃዜውን እየለካ ማሽኑን የሚያስነሳውና የሚያቆመው) አንድ ነው፤ የሚለካውም የታችኛውን ክፍል ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ናት። ሌሊት ወጥ ቤቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ታችኛው ክፍል ያለ ማሽን ይበርዳል፣ ቴርሞስታቱም ኮምፕረሰሩን (ጋዙን በቱቦው የሚገፋውን ሞተር) አያስነሳውም። ታዲያ ፍሪዘሩ በምን ይቀዝቅዝ? የፍሪጁን መለያ ወረቀት እዩ፦ «ቲ» (T) የሚለው ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ላለው ቤት የተሠራ ነው፣ «ኤስኤን» (SN) ከ10 እስከ 32። ሸዋ ሮቢት ላይ ያለ ችግር የሚሠራው ፍሪጅ ደብረ ብርሃን ላይ ሊያስቸግር ይችላል። ሻጭ ይህን አይነግራችሁም።

ራሳችሁ ሞክሩት። ሁለት ሦስት ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጀሪካን ታችኛው ክፍል አስገቡ። ኮምፕረሰሩ ተነሥቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ የፍሪዘሩ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር እኩል አመዳይ ከያዘ ጋዙ አለ፤ ፍሪጁን ሞቅ ወዳለ ክፍል አዛውሩት። ጋዝ በእርግጥ ከጎደለ ኮምፕረሰሩ ሳያቋርጥ ይሠራል፣ አመዳዩ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ይቀራል፣ የኮንደንሰሩ (ጀርባ ወይም ጎን ላይ ያለው የሚሞቀው ቱቦ) ሙቀትም ይጠፋል።

በረዶ በማይሠራው ዓይነት (ኖፍሮስት) ፍሪዘሩ ቀዝቅዞ ታችኛው ከሞቀ፣ ነቅላችሁ በሩን ከፍታችሁ 24 ሰዓት አቆዩት። ለጥቂት ቀናት ደህና ሠርቶ ከተመለሰበት የበረዶ ማቅለጫው ሂተር፣ ሴንሰር ወይም ታይመር ነው። ኮምፕረሰሩ «ጠቅ» እያለ ሳይነሳ የሚቀር ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ቮልቴጁንና ሪሌውን (ኮምፕረሰሩን የሚያስነሳውን ትንሽ ዕቃ) አስፈትሹ።

ጋዙ እንደ ቡታጋዝ ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ከጎደለ የተበሳ ቦታ አለ፤ በቢላ በረዶ የሚፍቁ ቤቶች ፍሪዘር ላይ ይህ የተለመደ ነው። ቀዳዳውን ሳያገኝ የሚሞላ ሰው የሸጠላችሁ ተመልሶ የሚወጣ ጋዝ ነው። ሥራው በደንቡ ከተሠራ ናይትሮጅን ተከትቶ በሳሙና አረፋ ይፈለጋል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ፊልተሩ ይቀየራል፣ በቫኪዩም ፓምፕ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሳባል፣ ከዚያ በሚዛን ይሞላል። ስንት ግራም እንደሆነ መለያው ላይ ተጽፏል። አር 600ኤ (R600a) የሚባለው የፍሪጅ ጋዝ ብዙ ጊዜ ከ100 ግራም በታች ስለሆነ ጥቂት ግራም ሲያልፍ ወይም ሲጎድል ይበላሻል፤ «በጌጅ (በግፊት መለኪያ) እያየሁ እሞላለሁ» የሚለውን አትቀበሉ።

በአር 600ኤ ፍሪጅ ላይ ሌላ ዓይነት ጋዝ፣ አር 134ኤ (R134a)፣ ልሙላ የሚልም አለ። እምቢ በሉ፤ ኮምፕረሰሩ ለዚያ አልተሠራም። አር 600ኤ ራሱ ተቀጣጣይ ነው፤ ቱቦው ሲከፈት መስኮት ይከፈት፣ የቡና ከሰሉም ከቤት ይውጣ።

ደረሰኙ ላይ የጋዙ ዓይነት፣ ግራሙ፣ ቀዳዳው የተገኘበት ቦታና የዋስትናው ጊዜ ይጻፍላችሁ። አልጽፍም ካለ ፍሪጁን ወደ ሱቁ ጭኖ እንዲወስድ አትፍቀዱ።