የካምቢዮ ዘይት "ደርቋል" ሲሏችሁ መለኪያውን ከእጃቸው ተቀበሉ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ድሬ ላይ አይነቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከፊት ላቫጆ፣ ከጎን ጎሚስታ፣ ከኋላ ዘይት ቅያሬ። በሩ ላይ ባለ ቀለም ጀሪካን ተደርድሯል። ገና ሳትቆሙ አንዱ ልጅ ጉንጩን በጫት ወጥሮ "ኮፈኑን ክፈት አቦ፣ በነጻ ልይልህ" ይላል።

መኪናው ኮሮላ ነው፣ ኤክስኪዩቲቭ የምንለው፣ 1.6፣ አውቶማቲክ። ወደ ሐረር ልወጣ ስል ጎማ ላስነፋ ብዬ ነው ጎራ ያልኩት።

መጀመሪያ በሞተሩ ዘይት ሞከረኝ። ሞተሩን ካጠፋሁ አስር ሰከንድ ሳይሞላ ቢጫ እጀታ ያላትን መለኪያ ስቦ "ኤል ላይ ነው፣ አንድ ሊትር ይፈልጋል" አለ። ኤል ዝቅተኛው ምልክት ነው፣ ኤፍ ሙሉው። ይህቺን አውቃታለሁ። ሞተር ሲሠራ ከዘይቱ የተወሰነው ላይ ነው ያለው፣ ቴስታታው (የሞተሩ ጭንቅላት) ውስጥ፤ ወደ ታች እስኪወርድ ሜዳ ቦታ ላይ አምስት ደቂቃ መጠበቅ አለበት። ወዲያው የሳበ ሰው ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው የሚያየው። "ቆይ" አልኩት። ቆይቶ ሲያወጣ ዘይቱ ኤፍ አፋፍ ላይ ቁጭ ብሏል። በሆዴ ኮራሁ። ልጁም ያፈረ መሰለኝ።

አላፈረም። "እሺ የካምቢዮውን ልይልህ" ብሎ ባትሪው አጠገብ ዝቅ ብላ ያለችውን ሁለተኛዋን መለኪያ መዘዘ። በእራፊ ጠረጋት። መልሶ ከተታት። እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ሲከታት አውራ ጣቱ ከእጀታዋ በላይ ነበር፣ ሌባ ጣቱና መሃል ጣቱ ደግሞ ከሥሯ፣ በእጀታዋና በቱቦው አፍ መካከል። መለኪያዋ እስከ መቀመጫዋ አልወረደችም። ሦስት ሴንቲ ያህል ተንጠልጥላ ቀረች። ሲያወጣት ጫፏ ብቻ ረጥቧል፣ "ኩል" (ቀዝቃዛ) ከሚለው ምልክት እንኳ በታች። ዓይኔ ሥር አስጠግቶ "አየህ? ደርቋል አቦ። በዚህ ደንገጎን ልትወጣ ነው?" አለኝ። ደንገጎ ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት ነው።

ጣቶቹን አይቻቸዋለሁ እኮ! ሌባ ጣት የሚለውን ስም ያወጡ ሰዎች እዚያ ቤት ዘይት ሳያስቀይሩ አልቀሩም። አየሁ፣ ግን የሚያደርገው ነገር ምን እንደሆነ አእምሮዬ ውስጥ አልገባም። ከኋላዬ ባጃጅ ጥሩምባ ይነፋል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እኔ ደግሞ የመጀመሪያዋን ስለነቃሁባት ብልጥ ሆኛለሁ።

ከጀሪካን በጆግ ቀድቶ በመለኪያዋ ቀዳዳ አንቆረቆረው። ሁለት ሊትር፣ ሊትሩ 1,300 ብር። "ቲ-ፎር ነው?" (መኪናዬ የሚፈልገው የቶዮታ ካምቢዮ ዘይት) ስለው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "ቀይ ነው። ቀይ ሁሉ አንድ ነው አቦ" አለ። ጀሪካኑ ላይ ዴክስሮን 3 ይላል፣ ሌላ ዓይነት የካምቢዮ ዘይት። መለኪያዋ ላይ ደግሞ ቲ-ፎር ተቀርጾባታል፣ በእጁ ይዟት። ቀይነቱ ማቅለሚያ ነው፤ የሚያፈስ መኪና ሥር ስታዩ ከሞተር ዘይት እንድትለዩት ተብሎ የገባ። ካምቢዮው ውስጥ ማርሽ የሚይዙት ዲስኮች ሲያያዙ ምን ያህል መንሸራተት እንዳለባቸው የሚወስነው ውስጡ ያለው ቅመም ነው፣ እሱ ደግሞ ከአንዱ ዘይት ወደ ሌላው ይለያያል።

ጣቱን ባላይ እንኳ ነገሩ ራሱ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። ሞተር ሲጠፋ በኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው በሚያስተላልፈው) እና በቫልቭ ቦዲው (ዘይቱን ወደየማርሹ በሚያከፋፍለው) ውስጥ ከነበረው ዘይት ከፊሉ ወደ ታች ይመለሳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ካምቢዮ ሞተሩ ጠፍቶ ሲለካ ዘይቱ ከትክክለኛው በላይ ከፍ ብሎ ነው የሚታየው። የኔ ሞተር ጠፍቷል፣ ገና ትኩስ ነው፤ መለኪያዋ "ሆት" (ትኩስ) ከሚለው መስመር አልፋ መርጠብ ሲገባት ደረቅ ናት ተባልኩ። እሺ፣ እውነት ሁለት ሊትር ጎድሎት ቢሆንስ? ፓምፑ አየር ይስባል። ዲ ውስጥ አስገብታችሁ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ነው የሚይዘው፣ ኩርባ ላይ ይለቃል፣ ሲሞቅ ጭራሽ አይጎትትም። እኔ ከከዚራ እስከዚያ ድረስ ያለ አንዲት ኮሽታ ነድቼ ነው የመጣሁት። ይህን ሁሉ እያወቅኩ 2,600 ብር ቆጥሬ ሰጠሁ።

ቀሪውን ደንገጎ ነገረኝ። ሜዳ ላይ ምንም አልታየም። ዳገቱ አጋማሽ ላይ የሞተሩ ዙር ወደ 4,000 ወጣ፣ ፍጥነቱ ግን ባለበት ቀረ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም። ከዚያ ሽታው መጣ፣ ቀጥሎ ከኮፈኑ ሥር ነጭ ጭስ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዘይቱ ከልክ ሲያልፍ ከበላዩ ሊሽከረከሩ የሚገባቸው ጥርሶች ውስጡ ይጠልቁና እንደ ሳሙና ውኃ ይመቱታል። አረፋ ይሆናል። አረፋ ሲጨመቅ ይጨማደዳል፣ ፓምፑ ግፊት አያገኝበትም፣ ዲስኮቹ በደንብ አይያያዙም፣ ይንሸራተታሉ፣ ይግላሉ። አረፋው ደግሞ ቦታ ሲያጣ በመተንፈሻው ይወጣና የጋለ ማርሚታ ላይ ይንጠባጠባል፤ ጭሱ እሱ ነው። ከመጉደል ይልቅ መብዛቱ አይጎዳም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ደንገጎን ይዛችሁት ውጡ። (የሐረር ፔጆ 404ዎች ባለ ፍሪሲዮን ስለሆኑ ይህን ጣጣ አያውቁትም፣ ታድለው።)

እየቆምኩ፣ እያበረድኩ አወዳይ ደረስኩ። የማውቀው መካኒክ ሜዳ ላይ አቆማት፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ፍሬን ረግጦ ማንሻውን ከፒ እስከ ኤል በየማርሹ ሁለት ሁለት ሰከንድ እያቆመ አወረደ፣ ወደ ፒ መለሰ። ሞተሩ እየሠራ መለኪያዋን ስቦ ጠረገ፣ "ቀጭ" እስክትል ከተታት፣ አወጣት። ዘይቱ ከ"ሆት" በላይ አራት ጣት ከፍ ብሎ፣ መለኪያዋ ላይ አረፋ ተለጥፎ ወጣ። በ60 ሚሊ ሲሪንጅና በቀጭን ቱቦ በዚያችው ቀዳዳ ስበን አወጣነው፣ ሃያ ስምንት ጊዜ። ወደ 1.7 ሊትር መጣ። እንደገና ለካን፤ በ"ሆት" ሁለት መስመሮች መሃል ልክ ቁጭ አለ።

እንግዲህ ቁጠሩ። የጨመረው 2 ሊትር፣ ያወጣነው 1.7፣ ደንገጎ ላይ የጨሰው 0.3። ከመጀመሪያውም የጎደለ ጠብታ አልነበረም።

ከሰዓት ተመልሼ ሄድኩ። የበርጫ ሰዓት ደርሷል፣ ባለቤቱ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሏል። ልጁ አላወቀኝም፣ ወይም አላወቅኩህም አለ። ባለቤቱ እስከ መጨረሻው ሰማኝና "ደንገጎ ላይ የማያጨስ መኪና አለ እንዴ? ካምቢዮህ አርጅቶ ነው። እኛ ባንጨምርልህ እዚያው ትቀር ነበር" አለኝ። ድምፄ ከፍ ሲል ከአጠገቡ ቦታ ጠረገልኝ፣ "ተረጋጋ አቦ፣ ና ቁጭ በል ቃም።" ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ንግድ ቢሮ ልሂድ ብዬ የሰጡኝን ወረቀት ሳወጣ ደግሞ "የሞተር ዘይት 2 ሊትር" ተብሎ ተጽፏል። ከፍዬ ስወጣ ሳላነበው ኪሴ የከተትኩት እኔው ነኝ።

ጉዳቱ በ2,600 ብር አያበቃም። ይህ ካምቢዮ ሙሉውን ሲይዝ ወደ 7 ሊትር ነው፣ ከሥር ብሎኑ ሲፈታ የሚወርደው ግን 3 ሊትር ገደማ ብቻ፤ የተረፈው በአብዛኛው ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። አሁን ውስጡ ካለው ዘይት ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ባዕድ ነው። አንዴ ቢፈስ ወደ 13 ከመቶ ይወርዳል፣ ሁለቴ ቢፈስ ወደ 7። ስለዚህ በትንሹ 6 ሊትር እውነተኛ ቲ-ፎር መግዛት አለብኝ፣ በመሃል ጥቂት ቀን መንዳት፣ እንደገና ማፍሰስ። ከተንሸራተቱት ዲስኮች ምን ያህል እንደተበላ በሚፈሰው ዘይት ቀለም አያለሁ፤ ወደ ቡኒ ሄዶ የተቃጠለ ከሸተተ ወዮልኝ።

ለእናንተ አጭር ነው። መለኪያውን ራሳችሁ ክተቱት፣ ራሳችሁ አውጡት፣ ጠርጋችሁ ሁለቴ። የሞተሩን ዘይት፣ ሞተር አጥፍታችሁ አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ፤ የቶዮታ አውቶማቲክን አስራ አምስት ሃያ ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ሞተሩ እየሠራ፤ ሆንዳ ከሆነ ግን እንደጠፋ በ60 እና በ90 ሰከንድ መሃል። ጎደለ ቢባል እንኳ ግማሽ ግማሽ ሊትር እየጨመራችሁ ለኩ፣ ከታሸገ ጣሳ፣ ክዳኑ ፊታችሁ ሲከፈት። ሲቪቲ (ቋሚ ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ ካምቢዮ) ያለው ቪትዝ የምትነዱ፣ የናንተ ዘይት ሌላ ነው፣ ቲ-ፎርም አታስገቡበት። መለኪያ የሌለው ካምቢዮ ደግሞ መኪናው ወደ ላይ ሳይሰቀልና የዘይቱ ሙቀት ሳይታይ አይለካም፤ ኮፈን ከፍቶ "ጎድሏል" ያለውን ልጅ ጎማችሁን ነፍቶ እንዲሸኛችሁ ንገሩት።

ነገ ማለዳ፣ ሳይሞቅ፣ የመጀመሪያውን 3 ሊትር አስፈስሳለሁ። የካምቢዮው ብሎን ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ 10 ቁጥር ነው፣ የሞተሩ 14 ቁጥር መፍቻ የሚገባበት። ሁለቱን አሳስቶ የሞተር ዘይት ቀይርልኝ ሲሉት ካምቢዮ የሚያፈስ፣ ከዚያ በሞላው ሞተር ላይ ሌላ 3.7 ሊትር የሚደርብም ስላለ ጉድጓዱ ውስጥ ከመካኒኩ ጋር አብሬ እገባለሁ።