ሃፕ ላይት ራውተር ከስምንት ወር በኋላ፦ ፋይሉ የት ነው ያረፈው?

ይህ ማይክሮቲክ ሃፕ ላይት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ በአንዲት ትንሽ ቢሮ ስምንት ወር ሠርቷል። ዋይፋዩ 2.4 ጊጋኸርትዝ ብቻ ቢሆንም ለሁለት ክፍል ይበቃል። ገዢውን የሚያደናግረው ሌላ ነገር ነው፤ በራውተሩና በኮምፒውተሩ መካከል ፋይል ማመላለስ።

ቋሚ ማከማቻው 16 ሜጋባይት፣ ራሙ 32 ሜጋባይት ነው። ዊንቦክስ (ራውተሩን ከኮምፒውተር የምናስተካክልበት ፕሮግራም) ላይ «ፋይልስ» የሚለውን ስትከፍቱ «ፍላሽ» የሚባል ፎልደር አለ። ከእሱ ውጭ የተቀመጠ ፋይል ሁሉ ራም ላይ ነው ያለው፤ ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ አይገኝም። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ከተማ ይህን ሳያውቁ ባክአፕ (የራውተሩን ቅንብር ቅጂ) ሠርቻለሁ ብሎ መቀመጥ አደገኛ ነው። ባክአፑ ሲፈጠር ስሙን «flash/» ብላችሁ ጀምሩ፤ ከዚያ በዚያው ቀን ጎትታችሁ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡት። ራውተሩ ውስጥ ብቻ ያለ ባክአፕ እንደሌለ ቁጠሩት።

ሁለት ዓይነት ፋይል አውጡ። ባክአፕ የሚባለው ለዚያው ለራሱ ራውተር መመለሻ ነው፤ ወደ ሌላ ሞዴል መውሰድ ጣጣ ያመጣል። በ«ኤክስፖርት» ትእዛዝ የሚወጣው አርኤስሲ (.rsc) ፋይል ግን ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ከፍቶ ማንበብና ማረም ይቻላል። የመግቢያ ተጠቃሚዎችንና ሰርተፍኬቶችን ግን አይዝም። በራውተሩ ሶፍትዌር (ራውተርኦኤስ) ስሪት 7 የዋይፋይ የይለፍ ቃልም «ሾው ሴንሲቲቭ» (show-sensitive) ካልተባለ አይወጣም፤ በስሪት 6 ደግሞ ሳይጠየቅ ይወጣል። ስለዚህ በቴሌግራም ከመላካችሁ በፊት ፋይሉን አንብቡት።

ራውተሩ ሪሴት ተደርጎ (ቅንብሩ ተደምስሶ) አርኤስሲውን እንዲጭን ስታዙ ፋይሉ የግድ «ፍላሽ» ውስጥ ይሁን። ሪሴቱ ራሱ ራውተሩን ስለሚያስነሣው ራም ላይ የነበረው ቀድሞ ይጠፋል፣ ባዶ ራውተር ይቀራችኋል። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የ15 ሰከንድ መዘግየት ጨምሩበት፤ ፖርቶቹ ሳይነሡ ትእዛዙ ከቀደመ መሀል ላይ ይቆማል።

የሶፍትዌር ማሻሻያ ግን በተቃራኒው ነው። ለዚህ ሞዴል የሚሆነው ኤስኤምአይፒኤስ (SMIPS፣ የፕሮሰሰሩ ዓይነት) የሚለው ብቻ ነው። ፋይሉን ከ«ፍላሽ» ውጭ ጣሉትና ራውተሩን በሪቡት ትእዛዝ አስነሡት። ገመዱን ነቅላችሁ ከሰካችሁት ሳይጫን ይጠፋል።

የፋይል ማመላለሻ መንገዱን በተመለከተ፣ ዊንቦክስ በአይፒ አድራሻ (192.168.88.1) ሲገባ ጥሩ ይሠራል። በማክ አድራሻ (በመሣሪያው የኔትወርክ መለያ ቁጥር) ገብቶ ትልቅ ፋይል መላክ ግን አይመከርም፤ መሀል ላይ ይቋረጣል። ኤስሲፒ (ፋይልን አመስጥሮ የሚልክ ትእዛዝ) ዊንዶውስ 10 ላይ አብሮ ስለሚመጣ ምርጡ እሱ ነው። ኤፍቲፒን (የቆየውን የፋይል ማስተላለፊያ) በዊንዶውስ ትእዛዝ መስኮት የምትጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ «ባይናሪ» በሉ። ዝም ካላችሁት እንደ ጽሑፍ ቆጥሮ ያስተላልፈዋል፣ ፋይሉም ይበላሻል። ከሁለቱም ወገን የፋይሉን መጠን በባይት አመሳክሩ። ኤፍቲፒ የይለፍ ቃሉን ሳያመሰጥር ስለሚልክ ሥራው እንዳለቀ ዝጉት።

በ5 ቮልት ማይክሮ ዩኤስቢ ስለሚሠራ በፓወር ባንክም ይነሣል፤ ይህ ለድሬ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ፓወር ባንኮች ግን መብራት ሲመጣ ለቅጽበት ያቋርጣሉ፣ ራውተሩም እንደገና ይነሣል። በውስጡ ባትሪ ያለው ሰዓት የለውም፤ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እስኪያገኝ የፋይሎቹ ቀን የተሳሳተ ነው። በቀን የሚሰየም ራስ-ሰር ባክአፕ ካላችሁ ይህን አስቡበት።

ራውተሩ ጨርሶ እምቢ ሲል ኔትኢንስቶል (ሶፍትዌሩን በኬብል እንደ አዲስ የሚጭን የማይክሮቲክ ፕሮግራም) አለ። የኮምፒውተሩን ዋይፋይና ፋየርዎል አጥፉ፣ ለኮምፒውተሩ የኬብል ፖርት 192.168.88.2 አይፒ ስጡ፣ በኔትኢንስቶል ውስጥ ለራውተሩ 192.168.88.3 ጻፉ። ኬብሉን ፖርት 1 ላይ ሰኩ። የሪሴት ቁልፉን ተጭናችሁ መብራት ስጡት፤ ስሙ ዝርዝሩ ላይ እስኪወጣ ድረስ ጣታችሁን አታንሡ። ይህ ሁሉንም ያጠፋል፣ ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ ያለው አርኤስሲ ያስፈለገው ለዚህ ቀን ነው።