ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፦ የክፍያ መንገድ ወይስ የነዳጅ መዋጮ?

የደሴ–ኮምቦልቻ መንገድ ወጪ በምን ይሸፈን፦ በየጉዞው በሚከፈል ገንዘብ ወይስ ከነዳጅ በሚሰበሰብ መዋጮ? የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ እንደ ተሽከርካሪው ዓይነትና እንደ ርቀቱ ያስከፍላል። ከፋዩ የገንዘቡን ውጤት ከጎማው ሥር ያየዋል፤ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ግን ቀኑን ሙሉ የሚመላለሰውን የሚኒባስ ሾፌር በየጉዞው ማስከፈል እንጀራውን መንጠቅ ነው፤ ወጪው መጨረሻ ላይ ተሳፋሪው ላይ ያርፋል።

በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ለመንገድ ጥገና የሚውል ገንዘብ በነዳጅ ላይ ከሚጣል ክፍያ ይሰበስባል። ብዙ ነዳጅ የሚያቃጥለው ከባድ መኪና የበለጠ ያዋጣል፤ አስፋልቱን ይበልጥ የሚጎዳውም እርሱ ነውና እኔ ይህን እመርጣለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ሲበዛ ግን ምንጩ ይሳሳል፤ ለዚያ ከአሁኑ ይታሰብበት።

ለዚህ ቁልቁለት የሚመደበው ገንዘብ በየዓመቱ በይፋ ይነገረን። ፍሬኑ ለከዳው የጭነት መኪና ማምለጫ መንገድ፣ ከዚያም የብረት መከላከያ ይቅደም።