«ከባሕር ወለል በላይ» የሚል ሰንጠረዥ አይታችሁ ለሙሌት አትክፈሉ

በአዲስ አበባ ቱሉ ዲምቱ በኩል ቤት ለመሥራት ቦታ የምታስለኩ ሁሉ፣ ቅየሳውንና ሙሌቱን አጣምሮ ከሚዋዋል ሰው ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት ከፍታው ከምን ተነሥቶ እንደተለካ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ፈርሜ ለገረጋንቲ ቀብድ ከፍያለሁ።

የቀረበልኝ ሰንጠረዥ እያንዳንዱን ነጥብ እስከ ሚሊሜትር ያሰፈረና በራስጌው «ከባሕር ወለል በላይ» የሚል የተጻፈበት ስለነበር ለማመን አልተቸገርኩም። ከመንገዱ ዲዛይን ጋር ሲነጻጸር ቦታዬ ከአንድ ፎቅ ቁመት በላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ባለሙያውም ስንት ሲኖ ገረጋንቲ እንደሚያስፈልግ በዚሁ አስልቶ አመጣ። አንድ ግንበኛ ግን ውሃ የተሞላ ላስቲክ ከመንገዱ ጠርዝ እስከ ችካሉ ዘርግቶ ሲለካው ልዩነቱ ከጉልበት በታች ሆነ።

መሣሪያው አልተሳሳተም፤ ሰንጠረዡ የያዘው ግን የሳተላይት መቀበያው (ጂፒኤስ) የሰጠውን ከፍታ ሳይታረም ነበር። የሳተላይት መቀበያ በቀጥታ የሚሰጠው ከፍታ የሚነሣው ደብሊው ጂ ኤስ 84 ከተባለው፣ ለስሌት ከተበጀው ለስላሳ የምድር ቅርጽ ማለትም ከኢሊፕሶይድ ነው፤ የመንገዱ ዲዛይን ከፍታ ግን የሚነሣው ባሕር ረግቶ ከየብስ በታች ቢቀጥል ስበት ከሚያሲዘው ገጽ፣ ከጂኦይድ ነው። ጂኦይዱ ከሕንድ በስተደቡብ ከኢሊፕሶይዱ ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በኒው ጊኒ አካባቢ ደግሞ ከ80 ሜትር በላይ ይወጣል። ስለዚህ ኢጂኤም 2008ን ከመሰለ የጂኦይድ ሞዴል (ጂኦይዱ በየስፍራው ከኢሊፕሶይዱ ስንት እንደሚርቅ ከሚሰጥ ስሌት) የቦታው ልዩነት ተፈልጎ ከሳተላይቱ ከፍታ ላይ ይቀነሳል፤ ልዩነቱ ኔጌቲቭ በሆነበት ስፍራ መቀነስ መደመር መሆኑን የዘነጋ ሰው ስህተቱን እጥፍ ያደርገዋል። አንዳንድ የእጅ ጂፒኤስ ደግሞ አርሞ ስለሚያሳይ ዳግመኛ ማረም ሌላ ጥፋት ነው።

ቦታው በአንድ መነሻ ተለክቶ እርስ በርሱ ብቻ ቢነጻጸር ኖሮ ችግሩ እምብዛም ባልታየ ነበር፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከመንገድ ወይም ከፍሳሽ ማንሆል ከፍታ ጋር ሲገናኝ ነው። በውሉ ላይ መነሻው፣ የጂኦይድ ሞዴሉና የተቀነሰው ቁጥር ከነምልክቱ ይጻፍ። ሞዴሉም ራሱ ተራራማ አገር ላይ በአሥርና ከዚያ በላይ ሴንቲሜትር ሊሳሳት ስለሚችል፣ ቢያንስ አንድ ነጥብ መንገዱ ከተነሣበት ቤንችማርክ (ከፍታው ከታወቀ ቋሚ ምልክት) በሌቭል (በአግድም ማነጣጠሪያ መሣሪያ) ተወስዶ ይረጋገጥ።

ባለሙያው ሲጠየቅ «ሶፍትዌሩ ያወጣው ነው» ብሏል። ቀብዱ እስካሁን አልተመለሰም።